ፈጣን ስፖርትን በፎቶ ማስቀረት፦ ከድሬዳዋ ሜዳዎች እስከ በረዶ ሆኪ

የስፖርት ፎቶ ማንሳት የሚጀምር ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ቅሬታ አለው፤ ተጫዋቹ ይደበዝዛል፣ ኳሷ ከፍሬሙ ውጭ ትቀራለች፣ ፊቱ በጥላ ይሸፈናል። ብዙዎች ጥፋቱን በካሜራው ላይ ይጥሉና ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ የተሻለ ዕቃ የሚያመጣላቸው ሰው ማፈላለግ ይጀምራሉ። የተሻለ ዕቃ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አይካድም፤ ሆኖም በአማተር እጅ ከሚበላሹት ምስሎች አብዛኞቹ የሚበላሹት ጣት የማንሻውን ቁልፍ (ሹተሩን) ከመንካቱ በፊት፣ አንሺው ያለቦታው በመቆሙና ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ ባለመገመቱ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከቦታና ከብርሃን ይጀምራል፤ የካሜራው ቁልፎች ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከድሬዳዋና ከሐረር የተወሰዱ ናቸው። ልጆቻቸው በውጭ አገር በረዶ ላይ ሆኪ ለሚጫወቱ ወገኖችም ለብቻው አንድ ክፍል ተጽፏል።

ቦታና ብርሃን

በድሬዳዋ ብርሃን አያንስም፤ የሚያስቸግረው ጥንካሬውና አቅጣጫው ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ከፍ ብላ ስለምትውል የተጫዋቹ ግንባርና አፍንጫ ሲያበራ ዓይኖቹ በጥላ ይዋጣሉ። በሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናት በላይ ስለምታልፍ፣ በዚያን ሰሞን የሚነሳ የቀትር ፎቶ ለፊት ፈጽሞ አይመችም። ደግነቱ የከተማው ልማድ ከፎቶ አንሺው ፍላጎት ጋር ይስማማል፤ ከምሳ በኋላ ሁሉም ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ የሰፈር ኳስ የሚጀመረውም ሙቀቱ በረድ ሲል ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን ዝቅ ብሎ ከጎን ስለሚመጣ ፊትን ይገልጣል፣ በሩጫ የሚነሳውንም አቧራ ያደምቃል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን እኛ አካባቢ ምሽቱ አይዘገይም። ከ20 ደቂቃ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ሜዳው ይጨልማልና ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

የመጀመሪያው እርምጃ ጨዋታው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስና ሜዳውን አንድ ጊዜ መዞር ነው። በዚህ ዙር ላይ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወርድ፣ ከእያንዳንዱ ግብ ጀርባ ምን እንደሚታይ፣ እንዲሁም የትኛው ቡድን በየትኛው አጋማሽ ወዴት እንደሚያጠቃ። በሰፈር ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛው ነው። ከተጫዋቹ ጀርባ የቆሙ ባጃጆች፣ የተሰጣ ልብስና የመብራት እንጨት ካሉ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቅጽበት ቢያዝ ዓይን ወደ እነርሱ ይሸሻል። ሐረር ውስጥ ከጀጎል ግንብ አጠገብ የሚጫወቱ ልጆችን የሚያነሳ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ግንቡ አንድ ዓይነት ቀለምና ለስላሳ ያልሆነ ገጽታ ስላለው የልጆቹን ማልያ አጉልቶ ያወጣል፣ አንሺው ማድረግ ያለበትም ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ግንቡ ብቻ ከኋላ እንዲሆን ማድረግ ነው።

በእግር ኳስ ላይ ጀማሪዎች ሳያስቡት የሚቆሙት በመሐል ሜዳው ጎን ነው፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይታያልና። ነገር ግን ከዚያ የሚገኘው የተጫዋቾች ጎንና ጀርባ ነው። ከግቡ መስመር ጀርባ፣ በማዕዘን ባንዲራውና በግቡ ቋሚ መካከል ቢቀመጡ አጥቂው ፊቱን ወደ እርስዎ አድርጎ ይመጣል፤ ተከላካዩም፣ ኳሷም፣ ትግሉም በአንድ ፍሬም ይገባሉ። ፀሐይ ከጀርባዎ ወይም ከትከሻዎ በኩል የምትሆንበትን ግብ ይምረጡ፣ ከዚያም ይቀመጡ ወይም ይንበርከኩ። ቆሞ የሚነሳ ፎቶ ተጫዋቹን ያሳንሰዋል፣ ከኋላውም መሬት ብቻ ያሳያል። ዝቅ ብሎ የሚነሳው ግን እግሩን ከመሬት እንዳነሳ ያሳያል፣ ጀርባውንም ያርቃል። ከመቀመጥዎ በፊት አሰልጣኙን ወይም ዳኛውን ማስፈቀድ ግዴታ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ባስተናገደው የድሬዳዋ ስታዲየም ለሊግ ጨዋታ ወደ ሜዳው ዳር ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለልምምድ የተሻለው በሳቢያንም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች የሚካሄደው የታዳጊዎች ጨዋታ ነው፣ ቅርበቱም ነፃነቱም እዚያ አለ።

የቦታ ምርጫ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ከበረዶ ሆኪ ታሪክ አንዱን ምስል ማንሳት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1970 በቦስተን ጋርደን፣ የቦስተን ብሩይንሱ ቦቢ ኦር በተጨማሪ ሰዓት የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ዋንጫ የሆነውን ስታንሊ ካፕ ያስገኘውን ጎል አስቆጥሮ፣ በተከላካይ ዱላ ተጠልፎ፣ እጆቹን ዘርግቶ አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚታይበትን ፎቶ ያነሳው ሬይ ሉሲየር ነው። ሉሲየር ከነበረበት ቦታ ተነስቶ ቦስተን ወደሚያጠቃበት ጫፍ ሄደ፣ ሌላ ፎቶ አንሺ ለቅጽበት ለቆት በሄደው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ፣ ጎሉም ወዲያው ተቆጠረ። ቦክሰኛው ሙሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1965 ተጋጣሚውን ሶኒ ሊስተንን ዘርሮ ሲጮህበት ኒል ሊፈር ያነሳውን ፎቶ ያየ ሰውም፣ በአሊ እግሮች መካከል፣ ከመድረኩ ማዶ፣ ሌላ ፎቶ አንሺ ይመለከታል፤ ያ ባለሙያ በዚያ ቅጽበት ከፊቱ የነበረው የአሊ ጀርባ ነው። ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ፣ የለያያቸው የተቀመጡበት ጎን ነው።

ፍጥነትን በቁጥር ማስላት

የሹተር ስፒድ (ሹተሩ ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ምርጫ በግምት ሳይሆን በሒሳብ ቢሠራ ይሻላል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ በሴኮንድ 25 ሜትር ትጓዛለች። ሹተሩ ለ1/250 ሰከንድ ከተከፈተ በዚያ ጊዜ ውስጥ ኳሷ 10 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች፤ ስፋቷ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ምስሉ ላይ ግማሿ ያህል ተዘርግታ ትታያለች። በ1/1000 ሰከንድ ግን የምትጓዘው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። በሴኮንድ 8 ሜትር የሚሮጥ ተጫዋች በ1/1000 ሰከንድ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ይንቀሳቀሳል፤ እግሩና እጁ ግን ከገላው ይልቅ ይፈጥናሉ። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው፦ ለእግር ኳስ፣ ለሩጫና ለእጅ ኳስ መነሻው 1/1000 ይሁን፤ ብርሃን ሲያንስ እስከ 1/500 መውረድ ይቻላል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ግን ቅጽበቱ በጥንቃቄ መመረጥ አለበት።

በድሬዳዋ ፀሐይ ይህ ከባድ አይደለም። ጠንካራ ፀሐይ ላይ በአይኤስኦ 400 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) እና በኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ካሜራው እስከ 1/3200 ድረስ ይሰጣል፤ ማለትም ከካሜራው ጋር የመጣው ተራ ዙም ሌንስ ለቀን ጨዋታ በቂ ነው። 11 ሰዓት ሲቃረብ በዚያው አይኤስኦ ሹተሩ ወደ 1/1000 ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ አይኤስኦውን ወደ 800፣ ወደ 1600 ከፍ ማድረግ ይገባል። ሻካራ ነጠብጣብ የሚፈሩ ሰዎች አይኤስኦ ላለመጨመር ሲሉ ሹተሩን ያዘገያሉ፤ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ነጠብጣብ ያለበት ግን የጠራ ፊት በስልክ ላይም በግድግዳ ላይም ይታያል፣ በእንቅስቃሴ የተበላሸ ፊት ግን በምንም ሶፍትዌር አይመለስም።

ነጣ ያለ መሬት፣ ጠቆር ያለ ፊት

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ ምስልን የሚያበላሸው ይህ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ያስባል። በድሬዳዋው በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚጫወቱ ልጆችን ስታነሱ ፍሬሙን የሚሞላው ነጣ ያለ አሸዋ ነው፤ መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ምስሉን ያጠቁራል፣ አሸዋው ግራጫ ይሆናል፣ የልጆቹ ፊት ደግሞ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ዓይንና ፈገግታ ጠፍቶ ጥርስ ብቻ የሚታይባቸው ፎቶዎች መነሻቸው ይኸው ነው። መፍትሔው የብርሃን ማስተካከያውን ከ+0.7 እስከ +1.3 ድረስ መጨመር፣ ከዚያም አንድ ፎቶ አንስቶ በስክሪኑ ላይ ፊቱን ማጉላትና ቆዳው ዝርዝሩ የሚታይ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። አሸዋው ትንሽ ቢነጣ ማንም አይቆጭም፤ የሰውዬው ፊት ከጠፋ ግን ፎቶው ለማንም አይሆንም።

ከዚህም የተሻለው ማኑዋል መጠቀም፣ ማለትም ቁጥሮቹን ራስ መወሰን ነው። ፀሐይዋ ካልተሸፈነች ሜዳው ላይ ያለው ብርሃን ለብዙ ደቂቃ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሹተሩንና አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) በአንድ ተጫዋች ፊት ላይ ለክተው ካስቀመጡ፣ ቡድኑ ነጭ ማልያ ቢለብስም ጥቁር ቢለብስም ምስሉ አይዋዥቅም። ግማሹ ሜዳ በጥላ ፎቅ ወይም በዛፍ ጥላ ከተሸፈነ ግን ማኑዋሉን ትተው ሹተሩን 1/1000 ላይ አፐርቸሩን ሙሉ ክፍት አድርገው አይኤስኦው በራሱ እንዲለዋወጥ ይተዉት፤ የማስተካከያው +1 ግን እንዳለ ይቆይ።

ፎከስ

ብዙ ካሜራዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚመጡበት የፎከስ ስልት አንድ ጊዜ ፎከስ አድርጎ የሚቆም ነው፤ ለቁም ፎቶ ይሆናል፣ ለሚሮጥ ሰው አይሆንም። በካኖን ላይ ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ የሚባለውን ተከታታይ ፎከስ ይምረጡ። የድሮ ካሜራ ከሆነ መሐለኛውን ነጥብ ብቻ ይጠቀሙ፣ ምክንያቱም ከሌሎቹ ይልቅ እርሱ ፈጣንና አስተማማኝ ነው። አዲስ ካሜራ ከሆነ ፊትና ዓይን የሚከተለው ስልት በጣም ይረዳል፤ ነገር ግን ከተጫዋቹ ጀርባ ተመልካች ከተደረደረ ወደ ተመልካቹ ፊት ሊዘል ስለሚችል፣ የፎከሱን ቦታ ወደ ትንሽ ክልል ያጥብቡት።

ዋናው ልምድ ቀድሞ መከተል ነው። ተጫዋቹን ኳሷ ሳትደርሰው በፊት በቪውፋይንደሩ (በዓይን መመልከቻው) ያስገቡት፣ ሹተሩን እስከ ግማሽ ይጫኑ፣ ነጥቡን ደረቱ ላይ አስቀምጠው አንድ ሰከንድ ያህል አብረውት ይሂዱ፤ ካሜራው የፍጥነቱን መጠን የሚያሰላው በዚህ ጊዜ ነው። ኳሷን ለመከተል የሚሞክር ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል። ከለመዱ በኋላ ፎከሱን ከሹተሩ ለይተው በካሜራው ጀርባ ባለው ኤኤፍ-ኦን በሚባለው ቁልፍ ላይ ቢያደርጉት፣ ዳኛው ወይም ሌላ ተጫዋች በመሐል ሲያልፍ አውራ ጣትዎን ማንሳት ብቻ ይበቃል።

ቅጽበቱን ቀድሞ መጠበቅ

የሰው ዓይን አይቶ ጣት እስኪጫን ድረስ ከአንድ አምስተኛ ሰከንድ ያላነሰ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከላይ ያልናት ኳስ 5 ሜትር ሄዳለች። ስለዚህ አንድን ነገር ካዩ በኋላ የሚጫን ሰው የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በተከታታይ ማንሳት ይህን ይፈታል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። በሴኮንድ 5 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ በ1/1000 ላይ ሲሠራ ከአንዱ ሰከንድ ውስጥ በትክክል የሚያየው 5 ሺሕኛውን ብቻ ነው፤ የቀረው 995 ሺሕኛ ያልፈዋል። እግር ኳሷን ነክቶ የሚቆየው ደግሞ ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ተከታታዩ የሚጠቅመው በትክክለኛው ጊዜ ሲጀመርና አጭር ሆኖ ሦስት ወይም አራት ፎቶ ላይ ሲቆም ነው፤ ረጅም ከሆነ ካሜራው ወደ ሜሞሪ ካርዱ ለመጻፍ ሲጨናነቅ ዋናው ቅጽበት ያመልጣል።

ታዲያ ትክክለኛው ጊዜ በምን ይታወቃል? የማዕዘን ምት ሲመታ ግብ ጠባቂውን ልብ ብለው ይመልከቱ። መጀመሪያ ቋሚውን በእጁ ዳሰስ አድርጎ ቦታውን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ዓይኑ ኳሷን ከሚመታው እግር ላይ አይነሳም። ኳሷ ስትነሳ አገጩ ቀና ይላል፣ አንድ አጭር እርምጃ ወደ ፊት ይራመዳል፣ ክርኖቹ ወደ ጎድኑ ይሰበሰባሉ፣ ጉልበቱም ይታጠፋል። ጉልበቱ ሲታጠፍ ጣትዎ መጫን አለበት፤ እጁ ኳሷን ሲነካ ለማንሳት መጠበቅ መዘግየት ነው። አጥቂውም እንዲሁ ነው። የሚደግፍበት እግር ከኳሷ ጎን መሬት ሲረግጥና ሌላው እግሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ምቱ እንደማይቀር ታውቋል። የአንድ ቡድንን ልምምድ ደጋግሞ ያየ ሰው የትኛው ተጫዋች ወደ ግራ ማጠፍ እንደሚወድ፣ ማን ጎል ካስቆጠረ በኋላ ወደ የትኛው ጥግ እንደሚሮጥ ያውቃል፤ ይህ እውቀት ከማንኛውም ሌንስ ይበልጣል።

ዝላይ ያለባቸው ስፖርቶች ለጀማሪ ይበልጥ ይራራሉ። ወደ ላይ የዘለለ ሰው ከአየር ላይ ጊዜው ግማሹን የሚያሳልፈው በዝላዩ ከፍታ የላይኛው ሩብ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲደርስም ወደ ላይ ያለው ፍጥነት ዜሮ ይሆናል። የእጅ ኳስ ተጫዋቹ ሦስት እርምጃ ረግጦ ከ6 ሜትሩ መስመር ፊት ሲዘል፣ ክንዱ ወደ ኋላ ተስቦ፣ አካሉ እንደ ቀስት ተወጥሮ የሚታይበት ቅጽበት አለ፤ ሦስተኛውን እርምጃ ቆጥረው ቢጫኑ በ1/400 እንኳን ፊቱና ደረቱ ጠርተው ይወጣሉ፣ የእጁ መዳፍ ብቻ ጥቂት ቢደበዝዝ ደግሞ ለምስሉ ኃይል ይጨምርለታል። መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስም በዚሁ መንገድ ይነሳሉ።

ኳሷ ከጠፋች በኋላ ካሜራውን አያውርዱ። የተሳተ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እጁን ራሱ ላይ የጫነ አሰልጣኝ፣ ጓደኛውን ከመሬት የሚያነሳ ተጋጣሚ ብዙ ጊዜ ከጎሉ ይልቅ ይኖራሉ።

እንቅስቃሴን ሆን ብሎ ማሳየት

ሁሉን ነገር ማቆም ሁልጊዜ አያምርም። በ1/2000 የተነሳ ብስክሌት የጎማው መሽከርከር ስለማይታይለት የቆመ ይመስላል። ለብስክሌት ውድድር ሹተሩን ወደ 1/125 ከዚያም ወደ 1/60 ዝቅ አድርገው ካሜራውን ከተወዳዳሪው ጋር እኩል ያንቀሳቅሱ፤ ተወዳዳሪው ይጠራል፣ ጀርባው ወደ መስመር ይለወጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሊያነሱበት ወዳሰቡት ነጥብ ፊት ለፊት እግርዎን ተክለው ይቁሙ፣ ከወገብ ብቻ ተጠምዝዘው ተወዳዳሪው ወደሚመጣበት ይዙሩ፣ ከሩቅ ጀምረው ይከተሉት፣ ፊት ለፊትዎ ሲደርስ በቀስታ ይጫኑ፣ ከተጫኑ በኋላም ማዞሩን ሳያቋርጡ ይቀጥሉ። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው የመጨረሻውን ነው፤ ሲጫን ክንዱ ይቆማል።

በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ዛፍ ያጠላባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው፣ ቅጠሉ ከጀርባ ወደ አረንጓዴ መስመር ይለወጣልና። ሆኖም ከዛፎቹ ሥር ብርሃንና ጥላ እየተቆራረጠ ስለሚወድቅ፣ ሙሉ በሙሉ ጥላ የሆነ ረዘም ያለ ክፍል ይፈልጉ፤ አለዚያ ፊቱ በአንዱ ፎቶ በርቶ በሚቀጥለው ይጠቁራል። ለልምምድ ውድድር መጠበቅ አያስፈልግም፣ በየደቂቃው የሚያልፍ ባጃጅ አለ።

አዳራሽና የምሽት መብራት

አዳራሽ ውስጥ ሁለት ችግሮች አብረው ይመጣሉ። የመጀመሪያው የብርሃን ማነስ ነው። በኤፍ 2.8 እና በአይኤስኦ 3200 1/500 የሚሰጥ መብራት በኤፍ 5.6 የሚሰጠው 1/125 ብቻ ነው፣ ይህም ለእጅ ኳስ አይበቃም። ውድ የሆነው 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ለሌለው ሰው የ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ እጅግ ጠቃሚ ነው። ዋጋው ከሌሎች ሌንሶች ይቀንሳል፣ ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፣ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ በሆነ ካሜራ ላይ ደግሞ እንደ 75 ወይም 80 ሚሊ ሜትር ሆኖ ያያል። ዙም ስለሌለው ለሚቀርበው ግብ ብቻ ይጠቀሙበት፣ የሩቁን ይተዉት። ፍላሽ የተጫዋቹን ዓይን ስለሚያውክ አይመከርም።

ሁለተኛው ችግር የመብራቱ መርገብገብ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ብዙ የስታዲየም መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይረገበገባሉ። ዓይን አይለየውም፣ በ1/500 የሚሠራ ካሜራ ግን ይለየዋል፤ ከተከታታይ ፎቶዎች አንዱ ብሩህ፣ አንዱ ቢጫና ጨለም ያለ ሆኖ ይወጣል። ካሜራዎ መርገብገብን የሚከላከል ስልት ካለው ያብሩት፤ ካሜራው መብራቱ ከፍ የሚልበትን ጊዜ ጠብቆ ያነሳል። ከሌለው ራው (ካሜራው ያላስተካከለው ጥሬ ፋይል) አድርገው ያንሱ፣ የቀለም ልዩነቱ በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል፤ የነጭ ቀለም ሚዛኑንም (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን ማስተካከያ) በአውቶማቲክ አይተዉት።

በረዶ ሆኪ

የገና ጨዋታን ያየ ሰው ሆኪን ለማንበብ አይቸገርም፤ በዱላ የምትመታ ትንሽ ነገር፣ በግርግር የሚሮጥ ቡድን፣ ከዓይን የፈጠነ ምት። በበረዶ ሆኪ የሩሯን ቦታ የሚይዘው ፓክ ነው። የተጠናከረ ጎማ ሆኖ ስፋቱ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 170 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ሲመቱት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። በ1/1000 እንኳን ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጓዛልና ፓኩን ለማጥራት አይልፉ፤ የተጫዋቹ ፊትና የዱላው ጫፍ ላይ ያተኩሩ። ለልጆች ጨዋታ 1/500 መነሻ ይሆናል፣ ለአዋቂዎች 1/1000 ይሻላል።

ስለ ደቻቱ አሸዋ የተነገረው ሁሉ እዚህ በእጥፍ ይሠራል። በረዶው ነጭ ስለሆነ መለኪያው ምስሉን ያጠቁራል፤ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ +1 ያድርጉ ወይም በማኑዋል ለክተው ይተዉት፣ የአዳራሹ መብራት ስለማይለዋወጥ ማኑዋሉ ይመረጣል። የነጭ ሚዛኑን በበረዶው ላይ ለክተው ካስቀመጡ ሰማያዊው ወይም ቢጫው ድባብ ይጠፋል። በሜዳው ዙሪያ የቆመው መከላከያ መስታወት ሌላው ፈተና ነው። የፓክ ጠባሳ የሌለበትን ንጹሕ ክፍል ይፈልጉ፣ የሌንሱን አፍ ከመስታወቱ ጋር ያስጠጉ፣ ወደ ጎን ሳያዘነብሉ በቀጥታ ያንሱ፤ በሰያፍ ከተነሳ መስታወቱ ምስሉን ያጣምማል፣ ከጀርባ ያለውንም መብራት ያንጸባርቃል። ጥቁር ልብስ መልበስ ነጸብራቁን ይቀንሳል። ቦታው እንደ እግር ኳሱ ከግቡ መስመር አካባቢ ያለው ማዕዘን ነው፤ ልጁ በየትኛው አጋማሽ ወደ የትኛው ግብ እንደሚያጠቃ ይወቁና ጎን ይቀይሩ። የራስ ቁሩ የፊት መከለያ በዓይን ላይ ጥላ ስለሚጥል ተጫዋቹ ቀና የሚልበትን ጊዜ ይጠብቁ። ቅዝቃዜ ባትሪ ስለሚጨርስ ትርፉን ባትሪ ከኮት ውስጥ ገላዎ አጠገብ ያኑሩት፣ ሲወጡም ካሜራውን በታሸገ ላስቲክ ጠቅልለው ወደ ሞቀ ቤት ያስገቡት፣ እንፋሎቱ በላስቲኩ ላይ እንጂ በሌንሱ ላይ እንዳይቀመጥ።

ስልክ ብቻ ላለው

ስልክ የራሱ ብልሃት አለው። ሌንሱን በጨርቅ ይጥረጉ፣ በጣት የሚጎላውን ዙም ይተዉና ወደ መስመሩ ይጠጉ፣ ተጫዋቹ የሚያልፍበትን ቦታ በስክሪኑ ላይ ለረጅም ጊዜ ተጭነው ፎከሱንና ብርሃኑን ያስሩት። በሌላ በኩል በ4ኬ ቪዲዮ ቀርጾ አንዱን ፍሬም መምረጥ ይቻላል፣ እያንዳንዱ ፍሬም 8 ሚሊዮን ፒክስል ያህል ስላለው ለቴሌግራምም ለትንሽ ህትመትም ይበቃል። ይህ የሚሠራው በጠራ ፀሐይ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ቪዲዮው ሹተሩን ስለሚያዘገይ ሁሉም ፍሬም ይደበዝዛል።

ሙቀትና አቧራ

በድሬዳዋ ካሜራን ከመኪና ውስጥ በፀሐይ አይተዉ። ሌንስ ሜዳ ላይ አይቀይሩ፣ አሸዋው ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ካስፈለገ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው ካሜራውን ወደ ታች ደፍተው ይቀይሩ፣ ማታም ከመጥረግዎ በፊት አቧራውን በአየር መንፊያ ያስወግዱ፤ አሸዋ ያለበትን ሌንስ በጨርቅ መጥረግ ይቧጭረዋል።

መምረጥና ማስተካከል

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ ከሜዳው ሥራ አያንስም። መጀመሪያ ፎከሱ ያልተያዘውን ያለ ርኅራኄ ያጥፉ፣ ከዚያ ፊት የማይታይበትን፣ ከዚያ ከተከታታዮቹ አንዱን ብቻ ይተው። አንድ ጨዋታ አሥር ጥሩ ፎቶ ከሰጠ ብዙ ሰጥቷል፤ ሁለት መቶ ፎቶ የሚልክ ሰው የራሱን ምርጥ ሥራ በራሱ ይሸፍናል። ሲቆርጡ ኳሷንና የሁለቱን ተፋላሚዎች ዓይን ያስቀሩ፣ ተጫዋቹ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ጥቂት ክፍት ቦታ ይተዉ፣ እጅና እግርን ከመገጣጠሚያ ላይ አይቁረጡ። ያዘመመ አድማስ ያስተካክሉ፣ ጥላውን ጥቂት ከፍ ያድርጉ፣ ቀለሙን ግን አያጋንኑ።

የታዳጊዎችን ፎቶ ከማሰራጨትዎ በፊት የወላጆችን ወይም የአሰልጣኙን ፈቃድ ይጠይቁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ላይ ቀኑን፣ ሜዳውን፣ የሁለቱን ቡድኖች ስምና የተጫዋቾቹን የማልያ ቁጥር ይጻፉ። ይህን በዚያው ምሽት ያድርጉት፤ ሳምንት ካለፈ በኋላ 7 ቁጥር የየትኛው ቡድን እንደነበረ ማስታወስ ይከብዳል፣ ቡድኑ ከዓመታት በኋላ ፎቶውን ሲፈልገው ደግሞ የሚያገኘው በዚሁ ጽሑፍ ነው።